አጥንት ጆሮ የለውም

ድኗል ከተባለ ታዲያ የሚያመኝ ምንድነው፣ የዳነ ነገር እንዴት ያማል፣ ኡበይድ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ ይሰነጥቃል፣ በቢላዋ ጫፍ ይጀምረዋል ከዚያ በጉልበቱ ተጭኖ ይለየዋል፣ ቋ ይላል፣ ቋ ባለ ቁጥር ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ይሰማኛል፣ የሚሰነጥቀው ለእኔ ነው፣ ወጌሻው አባባ ሸረፋ ዛሬ መጥተው እጄን ሰብረው እንደገና ከገጠሙት በኋላ የሚታሰርበት ነው፣ ባሌ ቀጥ ቀጥ ያለውን እየመረጠ በቢላዋው ጀርባ ሸካራውን እያነሳ ያለሰልሰዋል፣ እንዳይወጋኝ። ሰብረውኝ ሲያበቁ እንዳይወጋኝ። ልቡ ደግ ነው ኡበይድ።

ያልዳነ አጥንት ነው ይላሉ አማቴ እማ ከድጄ፣ ተጣሞ ነው የገጠመ፣ ተጣሞ የገጠመ ደግሞ ካልሰበሩት አይቃናም፣ ወንድማቸው በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ እንደዚያ ነው የዳነው፣ ዛሬ በቡኢ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል፣ በሁለት እጁ፣ ሁሌም በሁለት እጁ ይላሉ፣ እንደ እኔ በአንድ እጅ የሚነዳ ሹፌር ይኖር ይመስል። ዶክተሩ ደግሞ አጥንቱ ምንም አልሆነም አለ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየን፣ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የእኔ አጥንት እንደዚያ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ እዪው አለኝ፣ ስብራቱ የነበረው እዚህ ጋ ነው፣ ሞልቷል፣ ጠንክሯል። የቱን ልመን። ዶክተሩ አይቶ ነው የሚናገረው፣ እሳቸው ኖረው። እኔ ደግሞ የሚያመኝ ነኝ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም፣ ቢጠይቁኝስ ምን እላለሁ፣ አላውቅም ነው የምለው።

አምና ነው፣ ራምዚ ሆዴ ውስጥ እያለ፣ እንሰት ስፍቅ ውዬ ቅጠል ላመጣ ስነሳ የረገጥኩት ልጣጭ አዳለጠኝ፣ ሆዴን ላድን በእጄ ወደቅኩ፣ ቋ አለ፣ ልክ እንደዚህ ቀርከሃ፣ ሆዴ ተረፈ፣ ራምዚ ይኸው ጥርስ እያወጣ የምንጣፉን ጫፍ ያኝካል፣ ጄሶ ታሰረልኝ፣ ጄሶው ተፈታ፣ ወለድኩ፣ ከአራስ ቤት ወጣሁ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሕመሙ ብቻ ነው አልሄድም ያለው፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤት ሠራ። ጭራሽ ባሰበት። ነጠላ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ፍም፣ አንዳንዴ ያብጣል ይቀላል፣ አንዳንዴ የእኔ ያልሆነ ይመስል ይቀዘቅዛል፣ ዓይኔን ስጨፍን ደግሞ፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፣ ዓይኔን ስጨፍን እጄ ትልቅ ነው፣ የእንሰት ቅጠል ያህላል፣ ቤቱን ይሞላል፣ ስገልጥ ያው ነው። ትንሽ። ልጄን በቀኜ አቅፌው አላውቅም፣ እሱም ለምዷል፣ ሳነሳው ራሱ ወደ ግራዬ ይዞራል፣ ቀኜን አይቶት አያውቅም ብል ይቀላል፣ ለእሱ እናት ማለት ግማሽ ነች።

ክርር።

ከጓሮ ነው። ነዒማ ጀመረች፣ የኡበይድ እህት፣ ዓረፋ እየደረሰ ነው፣ ከአዲስ አበባ ሰው ሳይመጣ የሚፋቀው ተፍቆ ጉድጓድ መግባት አለበት፣ ቤት እንግዳ ሞልቶ እንሰት አይፋቅም፣ የጓሮው በር ተዘግቷል፣ አላያትም፣ ግን አያታለሁ፣ ሳንቃው ላይ የተጋደመውን እንሰት በአንድ እግሯ ረግጣ ይዛ የቀርከሃውን መፋቂያ በሁለት እጇ ከላይ ወደ ታች፣ ክርር፣ ነጩ ይወርዳል ቃጫው ይቀራል፣ ክርር፣ ይኸው ተነሳ፣ ከጣቴ ጫፍ እንደ ጉንዳን ይጀምራል ከዚያ ጉንዳኑ እሳት ይሆናል፣ አንጓዬን ዞሮ ወደ ክርኔ ይወጣል፣ እጄ ጭኔ ላይ ነው፣ አላንቀሳቀስኩትም፣ ማንም አልነካውም፣ ዝንብ እንኳ አላረፈበትም። ክርር። ነዒማ አቆመች። ሻሿን እያሰረች ይሆናል። ዝም። ቀዘቀዘ፣ አልጠፋም ግን ቁጭ አለ፣ እንደሚጠብቅ ነገር ቁጭ አለ። ክርር። ተነሳ።

ቆይ እስቲ።

ትናንትም እንደዚህ ነበር፣ የራሴ ሐሳብ ነው ብዬ ተውኩት፣ ዛሬ ግን በደንብ እያዳመጥኩ ነው፣ ስትፍቅ ይነሳል፣ ስታቆም ይቀመጣል፣ ታዲያ የሚሰማው ማነው፣ አጥንት ጆሮ የለውም፣ ተጣመመም ተቃናም አጥንት አይሰማም፣ በተዘጋ በር በኩል ነዒማ መፋቂያ ማንሳቷን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ እዚህ ውስጥ፣ ከእኔ ሌላ፣ ወይስ እኔው ነኝ፣ እኔው ከሆንኩ ለምን ሳይነግረኝ፣ ማን ነው ማንን የሚያሳምመው።

አጥንቱ ካልሆነ መስበሩ ምን ያደርጋል።

ይሄን መናገር ነበረብኝ፣ አሁኑኑ ተነስቼ ኡበይድ ተወው ቀርከሃውን ማለት ነበረብኝ፣ ግን ምን ብዬ፣ ነዒማ ስትፍቅ ስሰማ ያመኛል ብዬ፣ ያ አላህ፣ እነሱ ምን ሲሉ ነው የከረሙት፣ እማ ከድጄ ከጎረቤት ጋር አጥር ለአጥር ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ ምራቴ ሥራ ሲመጣ ነው እጇ የሚያማት፣ ሲበላማ ደህና ነች፣ ነዒማ ደግሞ ቀልደኛ ነች፣ የሰፍያ እጅ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኗል ትላለች፣ የወሊድ ፈቃዱን ጨርሶ አሁን ስብሰባ ላይ ነው፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ስስቅ ያመኛል። እንግዲህ ያገኘሁትን እውነት ይዤ ብወጣ እነሱ ሲሉት የነበረውን ነው የምነግራቸው፣ አዎ ሥራ ሲመጣ ነው የሚያመኝ፣ የሥራው ድምፅ ሲመጣ። ማን ነው ከዚህ በኋላ የሚያምነኝ። ከተሰበረ ግን ያምኑኛል። የተሰበረ እጅ ይታያል፣ ቀርከሃው ይታያል፣ ጨርቁ ይታያል፣ የመጣ ሁሉ አፊያ ይበልሽ ይላል፣ እማ ከድጄ ገንፎውን በቅቤ አድርገው በእጃቸው ያጎርሱኛል፣ እንደ ያኔው፣ ጄሶው እያለ ማንም ሰነፍ አላለኝም፣ ለጄሶው ያዝኑ ነበር፣ ለእኔ እንጃ። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ፣ አንዳንዴ ይሰበር ነው የምለው፣ ይሰበርና ሕመሜ ምስክር ያግኝ።

ሞኝ ነኝ። ወይስ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው።

ዶክተሩ አልሳቀብኝም። ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ፣ ጣቴን በሆነ ነገር ነካ አደረገ፣ የትኛው ነው አለኝ፣ ሌባ ጣቴ አልኩ፣ እሺ ይሄስ፣ አውራ ጣቴ፣ ዓይኔን ስገልጥ ኡበይድ ፊቱ ተለዋውጧል፣ ዶክተሩ የነካው የቀለበት ጣቴን ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ፣ የገዛ ጣቴን ማወቅ አቃተኝ፣ ግራውን ሲነካኝ አንድም አልሳትኩም። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳን፣ የተማረ ሰው ሲያስረዳ እንደሚያደርገው ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየሳለ፣ አየሽ ሰፍያ፣ አንጎል ውስጥ የእያንዳንዱ ጣትሽ ቦታ አለ፣ እንደ ሠፈር፣ ሕመም ለረጅም ጊዜ ሲመላለስ የሠፈሩ ድንበር ይደባለቃል፣ የቀለበት ጣት ቤትና የሌባ ጣት ቤት አጥሩ ይፈርሳል፣ ዘበኛው ግን አይተኛም፣ ጭራሽ ይነቃል፣ ሌባው ከተያዘ በኋላ ነፋስ ቅጠል ባንኮሻኮሸ ቁጥር ይጮኻል፣ ሕመምሽ እውነት ነው፣ ውሸት አላልኩም፣ አንጎልሽ ሕመምን ተምሮታል፣ የተማረ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ሌላ ይማራል። ኡበይድ ጎንበስ አለ፣ ዶክተር፣ ጭንቅላቷ ነው ማለት ነው፣ ማለት አእምሮዋ፣ አይደለም ወንድሜ፣ የሷም የአንተም የእኔም እንደዚሁ ነው፣ እግርህን ቢያምህ የሚያምህ እዚህ ነው፣ ግንባሩን ነካ፣ ኡበይድ እሺ አለ፣ መንገድ ላይ ግን ለእማዬ ይሄን አንነግራትም አለኝ፣ አልነገርንም፣ ባለመንገራችን ነው ዛሬ ቀርከሃ የሚሰነጠቀው።

የሚገርመው ደግሞ፣ ይሄን ትምህርት ጀምሬው ነበር። ዘጠነኛ ክፍል በፕላዝማ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ አስተማሪያችን እንደኛው ቆሞ ያያል፣ አንድ ሰው ምስማር ሲረግጥ ያሳያሉ፣ ከእግሩ ቀይ መስመር ይነሳል፣ በባቱ፣ በጀርባው፣ ይወጣል ይወጣል፣ ማጅራቱ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ክፍሉ ሁሉ ጮኸ፣ ደስ ብሎን፣ መብራት ሲመለስ ሰዓቱ አልፎ ሌላ ትምህርት ነበር፣ ወዲያው ዓመቱ ሳያልቅ ሽማግሌ ተላከ፣ ተዳርኩ። እኔ ሕመምን የማውቀው እስከ ማጅራት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ጨለማ ነው። ዶክተሩ መጥቶ ከማጅራት በላይ ያለውን በጠረጴዛ ላይ በጣቱ ሳለልኝ፣ ግን ጠረጴዛ ላይ በጣት የተሳለ ነገር ይዤው ልመጣ አልችልም፣ ለእማ ከድጄ ምን ላሳያቸው፣ ራጁን አይተው ያውቃሉ፣ ጥላ ነው አሉ።

አሰላሙ ዐለይኩም። መጡ። ወዐለይኩሙ ሰላም አባባ ሸረፋ፣ አፊያ ነዎት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ሰላም ነው፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ ኡበይድ ተነስቶ እጃቸውን ይስማል፣ እማ ከድጄ ለጋ ቅቤ በሸክላ ይዘው ይገባሉ፣ የጓሮው በር ይከፈታል፣ ነዒማ መፋቂያዋን እንደያዘች ለማየት ትመጣለች፣ ክርኗ ድረስ ነጭ ነው፣ ሽታው ገባ፣ እርጥብ እንሰት፣ ሽታውም ያመኛል፣ አሁን ሽታውም፣ ዘበኛው አፍንጫም አለው ማለት ነው።

እስቲ ልጄ ወዲህ በይ። እጃቸው ትልቅና ሞቃት ነው፣ ቢስሚላህ ብለው ቅቤ ነክተው አንጓዬን ይዘዋል፣ ጥርሴን ነክሻለሁ፣ አያዩኝም፣ አጥንቱን ነው የሚያዩት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ነው የሚያዩት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ዞር፣ እዚህ ጋ ጉብ ያለች ነገር አለች ይላሉ፣ የዳነ ስብራት ሁሉ ትንሽ ጉብታ ይተዋል፣ ይሄ ክፉ አይደለም፣ ገጥሟል፣ ገጥሟል ግን እያመማት ነው አባባ ይላሉ እማ ከድጄ፣ ዓመት ሊሞላ፣ ካመማትማ የተደበቀ ነገር አለ ይላሉ እሳቸው፣ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩ፣ ልጄ፣ እኔ የሰው አጥንት ሳላስፈቅድ ሰብሬ አላውቅም፣ ስበር ካልሽኝ አላህ ያውቃል እሰብራለሁ፣ የሚቃና ከሆነ ይቃናል፣ ተው ካልሽኝ ቅቤዬን ጠርጌ እሄዳለሁ፣ አንቺ ነሽ የምትናገሪው።

እኔ ነኝ የምናገረው።

ሁሉም ያዩኛል፣ ኡበይድ ከነቀርከሃው፣ ነዒማ ከነመፋቂያዋ፣ በዚህ ቤት ውስጥ እኔ እንድናገር ተጠብቆ አያውቅም፣ እሺ ማለት ቀላል ነው፣ እሺ አንድ ቃል ነው፣ እሺ ብዬ አንዴ ጮኼ ከዚያ እተኛለሁ፣ ከዚያ ገንፎ፣ ከዚያ ሁሉም ያምነኛል፣ ከዚያስ፣ ቀርከሃው ከተፈታ በኋላስ፣ ነዒማ እንደገና ክርር ስትል ዘበኛው ዝም ይላል፣ ለምን ዝም ይላል፣ አጥንቱን ነው እንጂ እሱን ማንም አልነካው፣ ጭራሽ ሁለተኛ ስብራት ሲሰማ፣ ሁለተኛ ቋ ሲሰማ፣ እንግዲያ መቼም አይተኛም። ራምዚ ከምንጣፉ ላይ ወደ እኔ እየዳኸ ነው፣ ወደ ግራዬ ነው የሚመጣው፣ ዞሮ ወደ ግራዬ።

እማ፣ እላለሁ፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም፣ አሮጌው ጉድጓድ ትዝ ይልዎታል።

የቱ ጉድጓድ።

ከበረቱ ጀርባ የነበረው፣ ለምዷል ያሉኝ።

ተድሬ እዚህ ቤት እንደመጣሁ ነው፣ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ፣ ከብዙ ዓመት አገልግሎት በኋላ ጉድጓዱ ራሱ ለመደ፣ ያስገቡለትን ሁሉ ሳይደርስ ያኮመጥጣል፣ ቡላውንም፣ ለጋውንም፣ አንዴ ባዶውን ትተነው ዝናብ ገባበት፣ ውሃው እንኳ ሸተተ፣ እማ ከድጄ ያኔ እንሰቱ ምንም አልሆነም አሉ፣ አፈሩ ነው የተማረው፣ እሳቸው ናቸው ያሉት፣ ተማረ ብለው ነው ያሉት፣ እኔ አልጨመርኩም። አሁን የምናገረው እየተደነቃቀፍኩ ነው፣ እማ፣ የእኔም እንደዚያ ነው፣ እንሰቱ ምንም አልሆነም፣ አጥንቱን ማለቴ ነው፣ አፈሩ ነው የለመደው፣ እዚህ ያለው፣ ግንባሬን በግራ እጄ እነካለሁ፣ ዶክተሩም እንደዚህ ነው ያለው፣ ነዒማ ስትፍቅ ስሰማ ያመኛል፣ ስታቆም ይተወኛል፣ እየዋሸሁ አይደለም፣ ምንም ሳልነካ።

ወጣ። ወጥቶ አለቀ።

ነዒማ ናት የሳቀችው፣ እሰይ፣ እኔም እኮ ስፍቅ ያመኛል፣ አባባ የእኔንም ይዩልኝ፣ ኡበይድ ሳይፈልግ ሳቀ፣ አባባ ሸረፋ እንኳ ጺማቸው ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ልስቅ ነበር፣ እንደ ልማዴ፣ ፊቴ ግን አልታዘዝ አለኝ፣ እማ ከድጄ አልሳቁም። አለመሳቃቸው ከሳቁ ይበልጥ አስፈራኝ። ቅቤውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት፣ ያን ጉድጓድ፣ አሉ፣ ያን ጉድጓድ ሰዉ ሁሉ ድፈኚው አለኝ፣ አልደፈንኩትም፣ ትቼውም አልሄድኩም፣ በየጊዜው እየከፈትኩ ፀሐይ አሳየው ነበር፣ አመድ እነሰንስበት ነበር፣ አዲስ ቅጠል እያለበስኩ አሮጌውን እገፍፍለት ነበር፣ እየሸተተኝ። አንቺ ግን ነዒማ ስትፍቅ በር ትዘጊያለሽ።

ይሄ ስድብ ነው ወይስ ምክር። አላውቅም። ፊታቸው ላይ ሁለቱም አሉ። ዶክተሩም እንደዚያው ነው ያለኝ፣ ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ እዪው ብቻ፣ ከዚያ ነካ አድርጊው፣ ከዚያ ያዢው፣ አትሽሺው፣ አትታገዪውም፣ እንዴት ነው አለመሸሽም አለመታገልም አንድ ላይ የሚሆነው ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ሌላ በሽተኛ ገባ።

ይተው አባባ፣ እላለሁ። አይስበሩት።

እሺ ልጄ፣ ይላሉ ወጌሻው፣ ቅቤውን ከእጃቸው ሳይጠርጉ አንጓዬን ቀስ አድርገው አሻሽተው ጭኔ ላይ መለሱልኝ፣ የሰው ዕቃ እንደሚመለስ፣ ኡበይድ የቀርከሃውን ክምር ያያል፣ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም፣ ነዒማ ትከሻዋን ነቅንቃ፣ በሉ ፈቃዱ ተራዘመ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች፣ እማ ከድጄ የቅቤውን ሸክላ ከወለሉ ያነሳሉ፣ ያምኑኝ አያምኑኝ አላውቅም፣ ዛሬ ገንፎ የለም።

ተነሳሁ። ራምዚን በግራዬ አንስቼ በጓሮው በር ወጣሁ፣ ፀሐዩ ዓይን ይወጋል፣ ነዒማ ሳንቃው ስር ተቀምጣለች፣ አጠገቧ ቅጠል አንጥፌ ተቀመጥኩ፣ አየችኝ፣ መፋቂያ ልስጥሽ እንዴ፣ አይ፣ እሰማለሁ ብቻ፣ ትሰሚያለሽ፣ አዎ፣ ቀስ ብለሽ ፋቂ። ወላሂ አንቺ ልጅ ሳታሳብጂኝ አትቀሪም አለች፣ ግን ቀስ አለች። ክርር። ተነሳ፣ እሳቱ ተነሳ፣ አንጓዬ፣ ክርኔ፣ ብብቴ፣ ላብ በጀርባዬ፣ በሩ እዚያ ነው፣ ክፍት ነው፣ ገብቼ ልዘጋው እችላለሁ፣ ክርር፣ እጄን አየዋለሁ፣ ጭኔ ላይ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ቅቤ ያብለጨልጨዋል፣ ምንም አልሆነም፣ ምንም አልሆነም እና ይቃጠላል፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ እንዴት ሁለቱም፣ ክርር፣ አትሽሺ፣ አትታገዪ፣ ነዒማ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ ያኔ ነው ፊቷ ትንሽ የተለወጠው፣ ላቤን አይታ ነው መሰለኝ፣ ሰው ለመስነፍ ይሄን ያህል አያልበውም፣ ልረፍ እንዴ አለች፣ ድምፅዋ ቀልድ የለውም፣ ራሷ አቆመች።

ኡበይድ መጥቶ ከቀርከሃው አንዱን ለራምዚ ሰጥቶታል፣ ያለሰለሰውን፣ ለእኔ የነበረውን፣ ሌላ ምን ያድርገው፣ ልጁ መጀመሪያ አኘከው፣ በድዱ፣ ምራቁ እየወረደ፣ ከዚያ አክስቱን ሲያይ የነበረ ነው፣ በሁለት እጁ ይዞ ሳንቃው ላይ ጎተተው።

ክርር።

ጠበቅኩት። ጣቴ ጫፍ ላይ ጠበቅኩት፣ ጉንዳኑን፣ እሳቱን፣ ያው ቀርከሃ ነው፣ ያው ሳንቃ፣ ያው ድምፅ፣ ትንሽ ቀጠን ያለ እንጂ ያው ነው፣ ራምዚ ወደ እኔ ዞሮ ይስቃል፣ ሁለት ጥርስ፣ የነዒማው ክርር ያመጣው እሳት አሁንም አለ፣ አልሄደም፣ ግን አዲስ አልመጣም፣ ዘበኛው የልጄ ድምፅ ላይ አልጮኸም፣ ለምን አልጮኸም፣ ማን ነው የነገረው ይሄኛው ሌባ አይደለም ብሎ፣ እኔ አልነገርኩትም፣ ወይስ ዘግይቶ ይመጣል፣ እየመጣ ነው፣ አይደለም፣ እንጃ፣ አልገባኝም፣ ድገመው እስቲ ራምዚ፣ ድገመው፣ ና በዚህ በኩል ሆነህ፣ በቀኜ፣